ዝቅተኛው የሌክሰስ ኢኤስ ይበቃል ወይስ ፉል ኦፕሽን ልጠብቅ? (ያገለገለ፣ ለሥራም ለቤተሰብም)

ባለ ካምሪ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ

ሰላም ቤተሰብ። ካምሪዬ 218 ሺህ ማይል ሞልታለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም፤ እግዜር ይስጣት። ግን የኡበሩ አፕ የሞዴል ዓመት መቁጠር ጀምሯል። ደንበኛም ሲገባ ፊቱ ላይ ይነበባል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ልበል ብያለሁ።

በጀቴ 28 ሺህ ዶላር ነው። ያገለገለ ነው የምፈልገው። ሦስት መኪና ላይ ቆሜያለሁ። ሌክሰስ ኢኤስ የ2019 ወይም የ2020፣ መርሴዲስ ኢ 300 የ2018፣ ጀነሲስ ጂ80 የ2021። ሥራዬ በአብዛኛው ዳለስ አየር ማረፊያ፣ ታይሰንስና ዲሲ ነው። በዓመት ወደ 40 ሺህ ማይል እነዳለሁ። እሁድ ደግሞ ሚስቴን፣ ሁለት ልጆችና አማቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። አማቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

በዚህ ገንዘብ የሚገኘው ሁሉ ዝቅተኛው ደረጃ ነው። ትናንት ያየሁት ሌክሰስ ወንበሩ እውነተኛ ቆዳ አይደለም። ስክሪኑም ትንሽ ነው። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ «ፉል ኦፕሽን ካልሆነ ቅንጦት አትበለው፣ ቆይ ጠብቅ» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

የኮከቡ ልጅ

ወንድሜ አትሸወድ። ኢኤስ ማለት ሱፍ የለበሰ ካምሪ ነው። ዛሬ የምትነዳውን መኪና ከረባት አስረህ ልትገዛው ነው።

ኢ 300 ሌላ ነገር ነው። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ ነው የሚሄደው። 2 ሊትር ባለ ተርቦ፣ 241 የፈረስ ጉልበት፣ ዘጠኝ ማርሽ። ከቆመበት 60 ማይል ለመድረስ ከ6 ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በሩን ስትዘጋ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ለደንበኛው ይበቃዋል። ጠብቅና ኮከቡን ግዛ።

አሮጌው ካንዴላ

ልጆች፣ እኔ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሳስስ ያደግሁ ሰው ነኝ። አሁን እዚህ አሌክሳንድሪያ ኮፈኖ ስከፍት እውላለሁ። ጥቂት ልበል።

«ሱፍ የለበሰ ካምሪ» የሚለው እውነት ነው። ይህ ከ2019 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ሰባተኛው ትውልድ ኢኤስ መሠረቱ ጂኤ-ኬ የሚባለው ነው። ካምሪና አቫሎንም የተሠሩት በዚያው ላይ ነው። እሱ ግን ስድብ አይደለም፣ ምርቃት ነው። 218 ሺህ ማይል ያልከዳችህን መኪና የአጎት ልጅ ማግባት ምን ነውር አለው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኢኤስ ሲባል አንድ መኪና አይደለም። ኢኤስ 350 ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ነው። 302 የፈረስ ጉልበት፣ ስምንት ማርሽ፣ የፊት ጎማ ነው የሚያሽከረክረው። ኢኤስ 300 ኤች ደግሞ ሃይብሪድ ነው። 2.5 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ብቻውን 176 የፈረስ ጉልበት አለው። ከኤሌክትሪኩ ጋር ተደምሮ 215 ይደርሳል። ጀርባው ላይ «ኤች» ከሌለ ሃይብሪድ አይደለም። ይህን የምለው «ያው ኢኤስ ነው» ብሎ 350ውን ገዝቶ ነዳጅ ማደያ ስር ሲያለቅስ ያየሁት ሰው ስላለ ነው።

ሃይብሪዱን ብዙ ሰው ውስብስብ ነው ብሎ ይፈራዋል። ነገሩ ግልባጩ ነው። ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም። ሁለቱንም ሥራ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሠሩታል። ካምቢዮው «ሲቪቲ» ስለተባለ የሚበጠስ ቀበቶ ያለው ይመስላችኋል። የለውም። ውስጡ ፕላኔታሪ ጥርስ ነው። ፍሬኑም ቶሎ አያልቅም፣ ምክንያቱም እግርህን ስታነሳ መኪናው ራሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ዘይቱ 0-16 የሚባለው ቀጭኑ ነው። የፋብሪካው መመሪያ በ10 ሺህ ማይል ወይም በዓመት ቀይር ይላል። ለታክሲ ሥራ ግን በ5 ሺህ ቀይር። ዘይት ርካሽ ነው፣ ሞተር ውድ ነው።

አሁን ስለ «ፉል ኦፕሽን»። ይህ ቃል የአዲስ አበባ ደላላ ቃል ነው። እዚህ አገር እንደዚያ የሚባል ደረጃ የለም። ኢኤስ ላይ መነሻው አለ፣ ከዚያ ፕሪሚየም፣ ከዚያ ለክዠሪ፣ ከዚያ አልትራ ለክዠሪ፣ ለብቻው ደግሞ ኤፍ ስፖርት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወንበራቸው ኑሉክስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ነው። እውነተኛ ቆዳ ለማግኘት ለክዠሪ ድረስ መውጣት አለብህ። ግን መርሴዲሱም በመነሻው ደረጃ ኤምቢ-ቴክስ ነው፣ እሱም ቆዳ አይደለም። ስለዚህ የኮከቡ ልጅ፣ ቆዳ ቆዳ እንዳትለኝ።

የኮከቡ ልጅ

ጋሼ፣ ቆዳ አላልኩም እኮ። በር ነው ያልኩት።

አሮጌው ካንዴላ

በሩንም እንከፍተዋለን፣ አትቸኩል።

የዳለስ ማለዳ

ጋሼ የተናገሩትን እኔ በተግባር ልመስክር። 2019 ኢኤስ 300 ኤች፣ መነሻ ደረጃ፣ 171 ሺህ ማይል። በሳምንት ስድስት ቀን ዳለስ ነኝ።

መጀመሪያ የኋላ ወንበር። ደንበኛ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አንተ የምትቀመጥበት ወንበር ማሸት ቢኖረው እሱ ምን አገባው? የኢኤስ የኋላ እግር ማስቀመጫ 39.2 ኢንች ነው። የኢ 300 36.2 ነው። ሦስት ኢንች በወረቀት ትንሽ ትመስላለች። ረዥም ሰው ከ13 ሰዓት በረራ ወርዶ ሲቀመጥ ግን እፎይታው ይሰማሃል። የፊት ጎማ የሚያሽከረክር መኪና ያለው ጥቅም ይኸው ነው፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ትልቅ ዘንግ ስለሌለ ቦታው ለሰው ይተርፋል።

ሁለተኛ ባጋጅ። የሃይብሪዱ ባትሪ ከኋላ ወንበር ስር ነው፣ ባጋጁን አልበላውም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ይመጣል። እኔ አራት እንደዚህ ያለ ሻንጣ ከነፕላስቲክ መጠቅለያው አስገብቻለሁ። አምስተኛውን አይሞክሩት። በዚህ ዓመት ሞዴል የኋላ ወንበሩ አይታጠፍም፣ መሐሉ ላይ ጠባብ መሹለኪያ ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው፣ ማንም የማይነግርህ። ከኋላ ወንበሩ ስር በጎን በኩል ትንሽ የአየር ማስገቢያ አለ። ባትሪው የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ክሩስኮቱ ላይ ማስጠንቀቂያ በራ። ልቤ ቀጥ አለ። ባትሪው አለቀ ብዬ በጭንቅላቴ ስምንት ሺህ ዶላር መቁጠር ጀመርኩ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ክዳኗን ፈትቶ ማጣሪያዋን አወጣት። ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ቆሎ! ሽምብራና ገብስ፣ መሐሉ ላይ የልጅ ፀጉር ማስያዣ፣ በላዩ ላይ ግራጫ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተጋድሟል። አጸዳነው፣ መልሰን ገጠምነው፣ ማስጠንቀቂያው ጠፋ። አሁን በየሁለት ወሩ በቫኪዩም እስባታለሁ። ያገለገለ ሃይብሪድ ልትገዛ ስትሄድ መጀመሪያ የምታየው ኮፈኖውን ሳይሆን ይህችን ትሁን። ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ትነግርሃለች።

ቡና በወተት

ቆሎ 😂😂 የእኔም መኪና ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሂሳብ ወዳድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ስለ ሞተር አላውቅም። የሰው ታክስ ነው የምሠራው። ወንድማችን በዓመት 40 ሺህ ማይል ካለ ግን ሂሳቡ ራሱ ይናገራል።

የመንግሥት የነዳጅ ግምት ለ300 ኤች 44 ማይል በጋሎን ነው። 40 ሺህን ለ44 ስታካፍል 909 ጋሎን ይመጣል። ኢ 300 በአማካይ 25 ነው፣ 1,600 ጋሎን ማለት ነው። በዚያ ላይ ኢኤስ ተራውን 87 ነው የሚጠጣው። መርሴዲሱ ፕሪሚየም ይፈልጋል። ተራውን 3.20፣ ፕሪሚየሙን 4.10 ብለን እንያዝ። ለሌክሰሱ ወደ 2,900 ዶላር፣ ለመርሴዲሱ ወደ 6,560። በየዓመቱ 3,650 ዶላር ልዩነት። ኢኤስ 350 መሐል ላይ ነው፣ 26 ማይል በጋሎን፣ ግን በተራ ነዳጅ። ወደ 4,900 ይመጣል።

አሁን ታክሱ። በ2025 መንግሥት ለአንድ የሥራ ማይል የፈቀደው ተቀናሽ 70 ሳንቲም ነበር። መኪናህ ካምሪ ይሁን መርሴዲስ አይጠይቅም፣ ለሁሉም አንድ ነው። በዚያ ሂሳብ 40 ሺውም ማይል የሥራ ቢሆን ታክስ ከሚታሰብበት ገቢህ ላይ 28 ሺህ ዶላር ይቀነስልሃል፣ የመኪናህን በጀት የሚያህል። መኪናህ ርካሽ ሆኖ ከተንቀሳቀሰ ትርፉ የአንተ ነው። ውድ ከሆነ ኪሳራውም የአንተ ነው። ብቻ አንድ ነገር አትርሳ፣ በዚህ መንገድ መቁጠር ከፈለግህ መኪናው ሥራ በጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት መምረጥ አለብህ። በመጀመሪያው ዓመት ወጪ በወጪ ቆጥረህ በሁለተኛው ወደዚህ ልምጣ ብትል አይሆንም።

ቨርጂኒያ ስላለህ ደግሞ የካውንቲው የመኪና ታክስ አለብህ። ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚነዳ መኪና ለግል መኪና የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ አያገኝም። ብዙ ሾፌር ይህን ሳያውቅ እንደ ግል መኪና ያስመዘግባል፣ በኋላ ደብዳቤ ሲመጣ ይደነግጣል። ዋጋው ከፍ ያለ መኪና ሲሆን ታክሱም ከፍ ይላል።

ባለ ካምሪ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን ለሚስቴ አነበብኩላት። «ታዲያ ለምን ትጠይቃለህ?» አለችኝ።

የኮከቡ ልጅ

ገንዘቡን አልክድም። ግን 300 ኤቹ 60 ለመድረስ ከ8 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። 495 አውራ ጎዳና ላይ ከመግቢያው መንገድ ስትገባ፣ ከኋላህ ትልቅ ጭነት መኪና እየመጣ፣ ያ ሁለት ሰከንድ ነፍስ ናት። ደግሞ ረግጠህ ስትይዘው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን በዝግታ ነው የሚከተለው። ይህን ማንም አይክድም።

መሪውም ያው ነው። ኢኤስ ላይ መንገዱን አትሰማውም። ኩርባ ላይ መርከብ ትሆንብሃለች።

የዳለስ ማለዳ

ስለ ጩኸቱ ልክ ነህ። ቀስ ብለህ ስትነዳ ጸጥ ያለ ነው፣ ስትረግጠው ያጉረመርማል። ግን ወንድሜ፣ ደንበኛ ኩርባ ላይ መንገዱን መስማት አይፈልግም። መተኛት ነው የሚፈልገው። መርከብ ስትሆን አምስት ኮከብ ይሰጥሃል።

የዲሲ ሌሊት

ጀነሲሱን ማንም አላነሳውም። የ2021 ጂ80 በመነሻው ደረጃ 2.5 ሊትር ተርቦ፣ 300 የፈረስ ጉልበት፣ የኋላ ጎማ፣ 14.5 ኢንች ስክሪን አለው። አዲስ ሳለ 47,700 ዶላር ነበር። በዕቃ ብዛት ከሄድን ሁሉንም ያሸንፋል።

ግን ዋስትናው ላይ ጠንቀቅ በል። ሻጩ «10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል» ይልሃል። እሱ ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ሁለተኛ ከሆንክ፣ በራሱ በጀነሲስ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት የተሰጠው መኪና ካልሆነ በቀር፣ የሞተርና የካምቢዮው ዋስትና ወደ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ይወርዳል። በአንተ አነዳድ 60 ሺህ ምን ያህል ይቆያል? አንድ ዓመት ተኩል።

አሮጌው ካንዴላ

ዋስትና ከተነሳ የሌክሰሱን ልንገርህ፣ 2019 ወይስ 2020 ላልከው መልሱ እዚህ ላይ ነው። የ2019ኙ የሃይብሪድ ባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነው። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ግን 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ሆነ። ከመኪናው ጋር ነው የሚሄደው፣ ባለቤት ቢቀየርም። ለአንተ ዓይነት ሰው 50 ሺህ ማይል ተጨማሪ ማለት ከአንድ ዓመት በላይ የሰላም እንቅልፍ ነው። ሁለቱ መኪኖች በአንድ ሺህ ዶላር ቢለያዩ እንኳ 2020ውን ያዝ።

መነሻውን ደረጃ ስለመግዛት አትፈር። በዚያ ዘመን ኢኤስ ላይ ዋናው ነገር ከታች ጀምሮ አለ። ከፊት ያለውን መኪና፣ እግረኛና ብስክሌት አይቶ ፍሬን የሚይዘው፣ መስመር የሚጠብቀው፣ ከፊት ያለውን መኪና ተከትሎ እስከ መቆም የሚወርደው ክሩዝ፣ አሥር የአየር ከረጢት። እነዚህ ሁሉ መነሻው ላይ አሉ። በዚያን ጊዜ በጀርመኖቹ መኪናውን የሚከተለውን ክሩዝ በተጨማሪ ክፍያ ነበር የምታገኘው። «ዝቅተኛ ደረጃ» ሁሉም ቤት አንድ ትርጉም የለውም ማለቴ ነው።

ሌላው፣ መነሻው በ17 ኢንች ቸርኬ ነው የሚመጣው። ሰው ትልቅ ቸርኬ ይወዳል። እኔ ደግሞ 17ቱን እወዳለሁ። የጎማው ጉንጭ ወፍራም ነው፣ የዲሲን ጉድጓድ ይውጣል። ጎማውም ይረክሳል። በዓመት 40 ሺህ የሚነዳ ሰው በየዓመቱ ጎማ ገዢ መሆኑን አትርሳ።

የጎደለውን ደግሞ ልንገርህ። አንደኛ፣ ከጎንህ የተደበቀ መኪና ሲኖር የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ በእነዚያ ዓመታት መነሻው ላይ በሁሉም የለም። አንዱ አለው፣ ሌላው የለውም። ሻጩን አትጠይቅ። መኪናውን አስነሳና የጎን መስታወቱን ጥግ ተመልከት። ሲነሳ ትንሽ ብርቱካናማ ምልክት በርታ ከጠፋች አለው። ካልበራች የለውም። ለታክሲ ሥራ ይህች ምልክት ከእውነተኛ ቆዳ ትበልጣለች። ሁለተኛ፣ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ወንበር ከፈለግህ ፕሪሚየሙን ፈልግ። በሩ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የወንበር ማስታወሻ ቁልፎች ካየህ ከመነሻው ወጥተሃል ማለት ነው። ሚስትህም የምትነዳው ከሆነ ይህች ትዳር ታድናለች።

ስክሪኑ 8 ኢንች ነው። በጣት አይነካም። እጅህ አጠገብ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጣትህን እያንሸራተትህ ነው የምታዝዘው። ሰው ሁሉ ያማረረባት ናት፣ በትክክልም። የሚነካ ስክሪን የመጣው በ2022 ነው። አይፎን ካለህ ስልክህን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ካርፕሌይ ይሠራል። አንድሮይድ ከሆነ ግን 2019ኙ ላይ አንድሮይድ ኦቶ የለም። ስልክህን አይተህ ግዛ።

የሻንሲ ቁጥሩን እይ። በ58ኤ ከጀመረ ኬንታኪ ጆርጅታውን የተገጣጠመ ነው። በጄ ከጀመረ ጃፓን። አንዳንድ ሰው የጃፓኑን ካልሆነ ይላል። እኔ ኮፈኖ ስከፍት ልዩነት አይቼ አላውቅም። ያንኑ ቁጥር ግን የመንግሥቱ የመንገድ ደህንነት ድረ ገጽ ላይ አስገባና ያልተሠራለት ሪኮል (ፋብሪካው ለማስተካከል የጠራበት ጉድለት) ካለ እይ። ነፃ ነው።

በረዶ ጠላሁ፣ ሚኒያፖሊስ

ጋሼ፣ እዚህ በረዶ ነው። አራቱም ጎማ የሚያሽከረክር ኢኤስ የለም እንዴ?

አሮጌው ካንዴላ

አለ። በ2021 ኢኤስ 250 መጣ። 2.5 ሊትር፣ 203 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ። ሃይብሪድ አይደለም፣ በአማካይ 28 ማይል በጋሎን። ቀርፋፋ ነው። ለሚኒያፖሊስ ይሆንሃል። ግን አራት ጎማ ያሽከረክራል ብለህ በበጋ ጎማ አትውጣ። የክረምት ጎማ ያሰረ ባለ ሁለት፣ የበጋ ጎማ ያሰረውን ባለ አራት መንገድ ዳር ትቶት ያልፋል።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። ኢኤስ ሲጀመር በ1989 ኢኤስ 250 ነበር የተባለው፣ ከታላቅ ወንድሙ ከኤልኤስ 400 ጋር አብሮ ነው የወጣው። ያኔም ከካምሪ ጋር የተዛመደ ነበር። የኮከቡ ልጅ ያነሳው ቀልድ ከእሱ በዕድሜ ይበልጣል።

ከዱባይ

እዚህ ጥሩውን ኡበር ስትጠራ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኢኤስ ነው። ጥቁር ወይም ነጭ። የሾፌር ምርጫ ዓለም አቀፍ ነው መሰለኝ።

ፍራንክፈርት ጓዳ

እዚህ ደግሞ ኢ-ክላስ ታክሲ ነው፣ ቅንጦት የሚለው ቃል ለማንም አይመጣለትም። ክሬም ቀለም፣ ጣሪያው ላይ ምልክት። ኢኤስ ወደኛ የመጣው በዚህ ትውልድ ነው፣ ያውም በሃይብሪድ ብቻ። አንዱ ሐበሻ ጓደኛዬ ገዛ፣ ጀርመን ጎረቤቱ «ይህ የምን አገር መኪና ነው?» ብሎ ጠየቀው።

አዲስ ናፍቆት

ይቅርታ ከርዕስ ልውጣ። ሁለት ዓመት ነድቼው ወደ አዲስ አበባ ብልከውስ? እዚያ ኢኤስ ያዋጣል ይባላል።

ሂሳብ ወዳድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አይገባም። በ2024 መጀመሪያ ላይ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቀዋል። ስለዚህ ይህን ስትገዛ «በኋላ እልከዋለሁ» የሚለውን ከሂሳብህ አውጣው። እዚሁ እንደምትሸጠው አድርገህ አስብ።

የኮከቡ ልጅ

እሺ። ለሥራ ከሆነ ተሸንፌያለሁ። እኔ በቀን 12 ማይል ነው የምነዳው፣ ለዚህ ነው የማይሰማኝ። ግን ጋሼ፣ በሩስ? እንከፍተዋለን ብለው ነበር።

አሮጌው ካንዴላ

የበሩ ድምፅ ያምራል። አልክድም። በአዲስነቱ ኢ 300 ከ53 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር የሚነሳው፣ የ2019 ኢኤስ 300 ኤች 41,310። 12 ሺህ ዶላር ለበር ድምፅ አልከፍልም፣ ያ ብቻ ነው።

ባለ ካምሪ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ

ቤተሰብ፣ ተመለስኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ አንድ ሻጭ ጋር ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። በኢንተርኔት 26,400 ብሎ የለጠፈው መኪና ወረቀቱ ላይ 29,300 ሆኖ መጣ። ምንድነው ብል «የቀለም መከላከያ፣ የጎማ ናይትሮጅን፣ የመስታወት ቁጥር ማስፈልፈያ»። የምንተነፍሰው አየር እኮ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው ስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወጣሁ።

ሁለተኛው የግለሰብ ነበር። ጡረታ የወጡ ሰውዬ። 2020 ኢኤስ 300 ኤች፣ ፕሪሚየም፣ ጥቁር ግራጫ፣ 58 ሺህ ማይል። ጋሼ ካንዴላ እንዳሉት አስነስቼ መስታወቱን አየሁ። ብርቱካናማዋ በርታ ጠፋች። ወንበሩ ኑሉክስ ነው፣ ስክሪኑ ያው ትንሹ። እውነት ለመናገር ለሁለት ቀን ሳልነግራችሁ የለክዠሪውን ቆዳ እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ከኋላ ወንበር ስር ያለችውን ማጣሪያ አወጣኋት። ንጹሕ። ሰውዬው «ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። «ቆሎ» አልኳቸው። ግራ ገባቸው።

ከመክፈሌ በፊት ግን አማቴን ይዤ ተመለስኩ። ትልቁ ፈተና እሳቸው ናቸው። በሩን ከፈትኩላቸው። አንድ እጃቸውን በሩ ላይ፣ አንዱን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ዞሩና ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉ። የፊቱ ወንበር አልነካቸውም። ትንሽ ዝም አሉና «ይቺስ ሳሎን ናት» አሉ። ሚስቴ ወዲያው ቼኳን ጻፈች። 26,800።

አሁን ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። በአማካይ 43.6 ማይል በጋሎን እያሳየኝ ነው። ያቺ የጣት ሰሌዳ ግን እውነትም ነገረኛ ናት። ሙዚቃ ልቀይር ስል ሰው እደውላለሁ። ትናንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የቀድሞ አለቃዬን ቀሰቀስኩት።

የዳለስ ማለዳ

እንኳን ደስ ያለህ! ካርፕሌይ ላይ በድምፅ እዘዘው፣ ሰሌዳዋን እርሳት።

የኮከቡ ልጅ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። አንድ ቀን ዳለስ ላይ አንተን ልጥራ፣ ከኋላ ልቀመጥበትና ልፍረድ።

ባለ ካምሪ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ

ና። ቆሎ ይዘህ ግን አትገባም።